የደረስጌ ነጎድጓድ

ለዛሬ ከእንግሊዝኛ ፈሊጦች አንዱን ይዤ ወደ ስሜን ተራሮች ልወስዳችሁ ወድጃለሁ። ፈሊጡ «የሰውን ነጎድጓድ መስረቅ» የሚለው ነው። ባለቤቶቹ በቋንቋቸው «ቱ ስቲል ሳምዋንስ ተንደር» ይሉታል። እንዲህ ቃል በቃል ሲመለስ ለአማርኛ ጆሮ ግራ ያጋባል። ነጎድጓድ እንዴት ይሰረቃል? ባለቤቱስ ማን ነው? በበየዳና በጃናሞራ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ደመና ከእግሩ በታች ገደሉን ሞልቶ ሲተኛ ለሚያይ ገበሬ፣ ነጎድጓድ የእግዜር ድምፅ ነው። ሲሰማው ያማትባል፤ ከበስተኋላው በረዶ መጥቶ ገብሱን እንዳይመታበት ይለምናል። «የእኔ ነው» የሚለው፣ «ተወሰደብኝ» ብሎም የሚከስበት ሰው የለም።

ሆኖም ነጎድጓዱ የተወሰደበት ሰው በስሜን ምድር ነበረ። የእርሱን ታሪክ ለመናገር ግን አስቀድሞ የፈሊጡን አመጣጥና አጠቃቀም ማየት ይገባል።

የአባባሉ መነሻ ቴአትር ቤት ነው። ጆን ዴኒስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1734 የሞተ፣ እንግሊዛዊ ሐያሲና ጸሐፌ ተውኔት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1709 «አፒየስና ቨርጂኒያ» የተሰኘው አሳዛኝ ተውኔቱ በለንደኑ ድሩሪ ሌን ቴአትር ቤት ለመድረክ በቃ። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ የለም፤ የተቀረጸ ድምፅ የለም፤ በመድረክ ላይ ሰማይ እንዲያጓራ የፈለገ ሰው የራሱን ሰማይ በእጁ መሥራት ነበረበት። ዴኒስም ለተውኔቱ ሲል ከተለመደው የተሻለ የሚያስገመግም ነጎድጓድ የሚያወጣ ዘዴ አበጀ ይባላል። ነጎድጓዱ ሰመረለት፤ ተውኔቱ ግን አልቀናውም። ከጥቂት ምሽቶች በኋላ ከመድረክ ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ በዚያው ቴአትር ቤት የሼክስፒር «ማክቤዝ» ታየ። ዴኒስ ከተመልካቹ መካከል ተቀምጧል። በመድረኩ ላይ ሰማዩ ሲያጓራ የራሱ ድምፅ መሆኑን ለየ። ብድግ ብሎም፣ ተውኔቴን ከመድረክ አውርደው ነጎድጓዴን ሰረቁኝ ብሎ ጮኸ ይባላል። የተናገራቸው ቃላት በተለያየ መልክ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። ታሪኩን በጽሑፍ ካቆዩት መካከል የዴኒስ ባላንጣ የነበረው ታላቁ ባለቅኔ አሌክሳንደር ፖፕ ይገኝበታል፤ ያቆየውም ሊያዝንለት ሳይሆን ሊሳለቅበት ነው። እንግዲህ የሰውን ዕጣ ተመልከቱ። ተውኔቱን ዛሬ የሚያነበው የለም ማለት ይቻላል፤ የተናደደበት አንድ ንግግር ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በሕዝብ አፍ ኖረ።

አባባሉ ዛሬ በሦስት ዓይነት ቦታ ይነገራል። አንደኛው፣ አንድ ሰው ሊያበሥር ያዘጋጀውን ወሬ ሌላው ቀድሞ ሲያወጣበት ነው። አንድ የፖለቲካ ፓርቲ በጉባኤው ሊያውጅ ያሰናዳውን ዕቅድ ተቀናቃኙ ሁለት ቀን ቀድሞ ካወጀው ጋዜጦች ይህን ፈሊጥ ይጠቅሳሉ። ሁለተኛው፣ የአንዱ ድካም ለሌላው ምስጋና ሲሆን ነው። በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አንዷ ባልደረባ በዝግታ ያቀረበችውን ሐሳብ ሌላው ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲደግመውና ጭብጨባው ለእርሱ ሲሆን፣ እንግሊዛዊ ቢሆን የሚለው ይህንኑ ነው። ሦስተኛው፣ የአንዱን ቀን ሌላው ሲያደርገው ነው። በእኅቱ ሠርግ ላይ ተነሥቶ «እኔም ቀለበት አስሬአለሁ» የሚል ወንድም የሙሽራዋን ነጎድጓድ ሰርቋል ይባላል።

ከሦስቱም በስተ ጀርባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዝግጅት ነው። ፈሊጡ የሚነገረው አስቀድሞ የደከመና የደገሰ፣ ሰዓቱንም የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው። ያልተዘጋጀ ሰው የሚሰረቅበት ነጎድጓድ የለውም። በዚህም ከአንድ ሌላ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ይለያል፤ እርሱም «ትርኢቱን መስረቅ» የሚለው ነው። ትርኢቱን የሰረቀ ሰው በጋራው መድረክ ላይ ከሁሉ በልጦ የታየ ነው፤ ወቀሳ የለበትም፤ እንዲያውም ይመሰገናል። ነጎድጓድ የሰረቀ ግን ሌላው ባበጀው መሣሪያ ነው የሚያጓራ። አንዱ ብልጫ ነው፤ ሌላው ንጥቂያ።

በአማርኛችን ይህን በአንድ ትንፋሽ የሚል ፈሊጥ አላገኘሁም። «ቀደመው»፣ «ክብሩን ነጠቀው»፣ «ድካሙን በላበት» እንላለን፤ እያንዳንዱ የነገሩን አንድ ጎን ይነካል። ወንጌላዊው ዮሐንስም የሚዘራው ሌላ የሚያጭደው ሌላ ስለ መሆኑ ጽፏል፤ እዚያ ላይ ግን ዘሪውና አጫጁ አብረው ደስ እንዲላቸው ነው። ከሁሉ ይልቅ ወደ ልቤ የሚመጣው ያ የቆየ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፦ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል»። የእንግሊዙ ፈሊጥ ሌባ አለ ይላል፤ ከሳሽም ተከሳሽም ያቆማል። የእኛው ግን ማንንም አይከስም፤ ፈሪው የፈራው እንደ ደረሰበት፣ ወራሹም እንደ ወረሰ ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል። ሁለቱን አባባሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመዘን ከደረስጌ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከደባርቅ ተነሥቶ የስሜንን ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ፣ ጨነቅን አልፎ፣ የቧሂትን ከፍታ ተሻግሮ የሚወርድ ሰው ጃናሞራ ይገባል። ከጃናሞራ ቀጥሎ በየዳ ነው፤ ዋና ከተማውም ድል ይብዛ ይባላል። ወደ 4550 ሜትር የሚጠጋው ራስ ደጀን የሚገኘው በዚሁ በበየዳ ነው። ደረስጌ ማርያም ያለችው በጃናሞራ፣ በመካነ ብርሃን አቅራቢያ ነው። በግድግዳዋ ሥዕል የታወቀችው ይህች ቤተ ክርስቲያን የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሥራ ናት።

ውቤ የስሜን ባላባት ልጅ ናቸው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ሲሞቱ፣ በ1818 ዓ.ም. ገደማ፣ የስሜንን ግዛት ያዙ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት የሚባል አለ፤ ሥልጣኑ ግን በደብረ ታቦር በተቀመጡት በየጁ ራሶች እጅ ነው። በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዐባይ ጦርነት የየጁው ራስ ማርዬ ሞቱ፤ የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስም ተማርከው ተገደሉ። ሁለቱ ተዋጊዎች ጠፉ፤ ትግራይን ያገኙት ግን ውቤ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ግዛታቸው ከስሜን ደጋ እስከ ባሕር ጠረፍ መዳረሻ ተዘረጋ። በምጽዋ በኩል ጠመንጃ ይገባላቸዋል፤ አውሮፓውያን መንገደኞችና ባለሙያዎች ወደ ግቢያቸው ይመጣሉ። ከዘመኑ መኳንንት መካከል በሀብትም በመሣሪያም የሚስተካከላቸው ጥቂት ነበር።

አንድ ነገር ግን ጎደላቸው፤ ዘውድ። በዚያን ዘመን ዘውድ በጠመንጃ ብቻ አይገኝም። ንጉሥ የሚሆን ሰው በጳጳስ እጅ መቀባት አለበት፤ ጳጳስ ደግሞ የሚመጣው ከግብፅ፣ ከእስክንድርያው መንበር ነው። አገሪቱ ለዓመታት ያለ ጳጳስ ቆይታ ነበር። ውቤ የሚያስፈልገውን ወጪ ችለው ወደ ካይሮ መልእክተኞች ላኩ፤ ከመልእክተኞቹ ጋር የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስም ተጉዟል። በ1834 ዓ.ም. መጀመሪያ ወጣቱ ግብፃዊ መነኩሴ አቡነ ሰላማ ተብለው ወደ ውቤ ግዛት ገቡ።

ጳጳሱ ከተገኙ በኋላ ውቤ ጊዜ አላጠፉም። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በራስ አሊ ላይ ዘምተው በደብረ ታቦር ተዋጉ፤ አሸነፉም። ራስ አሊ ሸሽተው አመለጡ። ውቤ ድላቸውን ለማክበር በድንኳናቸው ተቀምጠው ሳለ ግን የራስ አሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ሳይታሰብ ደርሰው ማረኳቸው። ያሸነፈ ሰው በድግሱ ላይ ተማረከ። በኋላ በምሕረትና በካሣ ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ነጎድጓድ እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ቀርቶ ነበር።

ሰውየው ተስፋ አልቆረጡም። በደረስጌ የሠሯት ቤተ ክርስቲያን ለራሳቸው ሥርዓተ ንግሥ የታሰበች እንደ ነበረች ይነገራል። ሥራውን ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር መራው፤ የአገሩ ልጅ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደርም በዚያው ደክሟል። ሕንፃው ቆመ። ጳጳስ አለ። ጠመንጃ አለ። ሀብት አለ። ዴኒስ የነጎድጓዱን መሣሪያ ከመድረኩ በስተ ጀርባ አሰናድቶ መጋረጃው እንዲገለጥ እንደ ጠበቀ ሁሉ፣ ውቤም ቀናቸውን ጠበቁ።

መጋረጃው ግን በሌላ ሰው እጅ ተገለጠ። ከወደ ቋራ ካሣ ኃይሉ የሚባሉ ሰው ተነሡ። በ1845 ዓ.ም. ብቻ በኅዳር ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ ታቁሳ ላይ ከራስ አሊ የተላከውን ጦር፣ በሰኔ አይሻል ላይ ራስ አሊን ራሳቸውን ድል አደረጉ። የየጁ ራሶች ዘመን በዚያ አበቃ። በቀጣዩ ዓመት አቡነ ሰላማ ወደ ጎንደር ሄደው ከካሣ ጋር ተስማሙ። እንግዲህ ውቤ ያስመጧቸው ጳጳስ ከውቤ እጅ ወጡ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ጦርነት ብቻ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ወደ ስሜን ወጡ። የካቲት 3 ቀን በደረስጌ ውጊያ ሆነ፤ ውቤም ተሸንፈው ተማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን፣ ውቤ ባስገነቧት በደረስጌ ማርያም፣ ውቤ ባስመጧቸው በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ካሣ ኃይሉ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሁሉም ነገር እንደ ተሰናዳ ተፈጸመ። የተለወጠው በመካከል የሚቆመው ሰው ብቻ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ የተሟላ የተነጠቀ ነጎድጓድ ታገኝ ይሆን? ዴኒስ የተወሰደበት አንድ የድምፅ መሣሪያ ነው፤ ውቤ የተወሰደባቸው ጳጳሱም መቅደሱም ዕለቱም ነው። ንጥቂያው በዚያም አላበቃም። ዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ከሞቱ በኋላ ያገቡት የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን ነው። ሠዓሊው ዛንደርም ለቴዎድሮስ አደረ። ውቤ የቀረውን ዕድሜያቸውን አብዛኛውን በእስር ጨርሰው ሞቱ። የፈሩት ደረሰ፤ የጠሉት ወረሰ።

ነገር ግን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የተከሳሹንም ቃል መስማት ግድ ነው። ቴዎድሮስ ነጎድጓድ ሰረቁ ወይስ ትርኢቱን ሰረቁ? አንዱ ወገን እንዲህ ሊል ይችላል፦ ከቋራ ተነሥቶ፣ ያለ ትልቅ ግዛትና ያለ ወደብ፣ ዘመኑ ያፈራቸውን ኃያላን በየተራ የጣለ ሰው ብልጫውን በሜዳ አሳይቷል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የሥራው ማኅተም እንጂ ምንጩ አይደለችም። ደረስጌ ባትኖር ጎንደር ነበረች። ይህ እውነት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ይመልሳል፦ ድሉ የራሱ ነው፤ ቅባቱ ግን በሰው ድካም ነው። ዘውድን ዘውድ ያደረገው ጳጳሱ ነው፤ ጳጳሱን ያስመጣው ገንዘብና መልእክት የውቤ ነው። ይህም እውነት ነው። ስለዚህ በደረስጌ የሆነው ነገር ሁለቱም ፈሊጦች በሦስት ቀን ውስጥ የተፈጸሙበት ነው፤ የካቲት 3 ቀን ትርኢቱ፣ የካቲት 5 ቀን ነጎድጓዱ።

ጠለቅ ብለን ስንቆፍር ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። «ቴዎድሮስ» የሚለው ስም ራሱ የካሣ አልነበረም። በፍካሬ ኢየሱስ፣ ፍትሕና ጥጋብ የሚያመጣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሣ ይነገር ነበር፤ ሕዝቡም በጦርና በረኃብ ዘመን ያን ስም በተስፋ ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ ስሙ የብዙ ትውልድ ሰቆቃ ያዘጋጀው ነጎድጓድ ነው። ካሣ ያን ስም ሲለብሱ የወሰዱት ከውቤ ብቻ አይደለም፤ ከማያውቋቸው ብዙ ምስኪኖች ጭምር ነው።

ውቤስ? የትግራይ ግዛታቸው ሁለት ሰዎች ከወደቁበት የደብረ ዐባይ ሜዳ የተገኘ ነው። ጠመንጃውና ወደቡ ያለዚያ ግዛት አይታሰብም። ደረስጌን ውቤ ሠሩ እንላለን፤ ውቤ ግን ድንጋይ አልተሸከሙም። በዚያ ከፍታ፣ ትንፋሽ በሚያጥርበት ዳገት፣ ሠረገላ በማይታሰብበት መንገድ፣ ግንዱንና ድንጋዩን በትከሻው ያወጣው የጃናሞራና የበየዳ ገበሬ ነው። የሺምፐርና የዛንደር ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ የገበሬው ስም የት አለ? የሥልጣን ነጎድጓድ ሁሉ ቢፈተሽ ከሥሩ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ይገኛል።

ዴኒስም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ተውኔቱ የቆመበት ታሪክ የጥንት ሮማውያን ነው፤ የመድረክ ነጎድጓድም ከእርሱ በፊት ነበረ፤ እርሱ ያሻሻለው ነው የሚባለው። ይህን ሳስብ ፈሊጡ ሌላ ፊት ያሳየኛል። «ነጎድጓዴን ሰረቁኝ» ብሎ የሚጮኽ ሰው ጩኸቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመጮኹ በፊት እርሱ ራሱ ከማን እንደ ተቀበለው ቢጠይቅ መልካም ነው። ጠይቆ ካገኘም በኋላ ይጩኽ፤ ጩኸቱ ያን ጊዜ ለራሱ ብቻ አይሆንም።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ፤ ነገርን በመዝገብ ዓይን ማየት ልማዴ ነው። ባንክ ቤት ገንዘብ ያስገባውም ያወጣውም ስሙ በየፊናው ይሰፍራል፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሁለቱ ወገኖች ካልተመጣጠኑ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ያወጣውን መዝግቦ ያስገባውን ይዘለዋል። ስለ ደረስጌ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ «ቴዎድሮስ የነገሡባት» ይላችኋል። «ውቤ የሠሯት» የሚለው ጥቂት ነው። «የስሜን ገበሬ በትከሻው ያቆማት» የሚል ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

የታሪኩ መጨረሻ የበለጠ ያሳዝናል። በሰው ነጎድጓድ የነገሡት ቴዎድሮስ በኋላ የራሳቸውን ነጎድጓድ ለመሥራት ተነሡ። በጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ከሁሉም ግዙፉን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል አሉት። ያን ብረት በገደልና በሸለቆ አስጎትተው መቅደላ አወጡት። ግን የመቅደላን ዕጣ አልለወጠም። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ የቀቧቸው ንጉሥ እስረኛ ሆነው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው መቅደላ ላይ ዐረፉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። አንድ ላይ ሊያነሧት የሞከሯትን አገር የማቆሙ ሥራ ወደ ዐፄ ዮሐንስና ወደ ዐፄ ምኒልክ ተላለፈ፤ የቴዎድሮስ ሐሳብም በተራው በሌሎች እጅ አጓራ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ ሲመለሱ በመንገድ ሞተው ጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ልብ በሉ፤ በዚህ ልጅ ሥጋ ውስጥ የውቤም የቴዎድሮስም ደም አለ፤ ነጎድጓድ የተነጠቀውና ነጎድጓድ የነጠቀው በአንድ ሕፃን ታርቀዋል። እርሱ ግን ደረስጌን ሳያውቅ፣ ያ ፈሊጥ በተወለደበት አገር፣ በባዕድ ቋንቋ አደገ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎችና ንዋያተ ቅድሳትም ብዙዎቹ አሁንም በዚያው ናቸው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ የነጎድጓድ ሌባን የሚወቅስበት ፈሊጥ አበጅቷል፤ ፈሊጡን ግን ሁልጊዜ ወደ ራሱ ቤት አያዞረውም።

ከሁለቱ አባባሎች የትኛው ይሻላል? የእኛው ምሳሌ ጥበብ አለው፤ የዓለምን ሥርዓት ዐይቶ አይደነግጥም፤ ዛሬ የወረሰ ነገ እንደሚወረስ ያውቃል። የደረስጌና የመቅደላ ታሪክ ለዚህ ይመሰክርለታል። ነገር ግን ጉድለት አለው። «የጠሉት ይወርሳል» ብሎ ሲያበቃ የቀድሞው ባለቤት ማን እንደ ነበረ አይጠይቅም፤ ወራሹን አስቀምጦ ደካሚውን ይረሳል። የእንግሊዙ ፈሊጥ በቁጣ የተወለደ ቢሆንም «የማን ነበር?» የሚል ጥያቄ በውስጡ አለ። ባለቤት ሳይጠሩ ፈሊጡን መናገር አይቻልም፤ የእርሱን፣ የእርሷን፣ የእነርሱን ነጎድጓድ ማለት ግድ ነው። እኔ ከሩቅ አገር ልንዋሰው የሚገባን ያቺን ባለቤት አመልካች ቃል ነው እላለሁ።

ስለዚህ መንገድ መርታችሁ ወደ ስሜን የወጣችሁ እንደ ሆነ፣ ጭላዳ ዝንጀሮውንና ዋልያውን ዐይታችሁ ከጨነቅ አትመለሱ። ቧሂትን ተሻገሩ፤ ደረስጌን ተሳለሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚህ ነገሡ በሉ፤ ይገባቸዋል። ደጃዝማች ውቤ ይህን ሠሩ በሉ፤ ይህም ይገባቸዋል። ከዚያም ከደጀ ሰላሙ ወጣ ብላችሁ ዳገቱን ቁልቁል ተመልከቱና፣ ድንጋዩ በየትኛው መንገድ፣ በማን ትከሻ እንደ ወጣ ለአንድ አፍታ አስቡ። ክረምት ከሆነ ሰማዩ ማጓራቱ አይቀርም። ያን ድምፅ ማንም ለራሱ አላደረገውም፤ ሁሉም ግን ይሰማዋል።